ንግድ ውጭ አገር ልትከፍቱ ያሰባችሁ፣ ስለ ቪዛው የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ። የራሴን ሥራ ውጭ አገር ልጀምር ነው፣ በየትኛው ቪዛ ልሂድ? አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሰፊው የመለስኩት ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ቡና ቆልቼ አሽጌ እሸጣለሁ። ሜሪላንድ የሚኖር ወንድሜ የአሜሪካ ዜግነት አለው። እዚያ ካፌ ልንከፍት ተስማምተናል፤ 60 ከመቶው የሱ፣ 40ው የኔ። በጉብኝት ቪዛ ገብቼ ሥራውን ብጀምርስ?

መልስ፦ እሱን ተይው እህቴ። በቢ-1 (ለንግድ ጉብኝት በሚሰጠው) ቪዛ ገብተሽ ቤት ማየት፣ ውል መፈረም፣ ከዕቃ አቅራቢዎች ጋር መነጋገር ትችያለሽ። ካፌውን ማስተዳደርና ቡና መቅዳት ግን ሥራ ነው፤ በዚያ ቪዛ አይፈቀድም። አንዴ ከተጣሰ ደግሞ በሚቀጥለው ማመልከቻሽ ሁሉ ይከተልሻል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ በር አለ። ኢትዮጵያና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ አበባ ላይ የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ስምምነት ተፈራርመዋል። ሥራ ላይ የዋለው በ1953 ነው። በዚህ ስምምነት ምክንያት የኢትዮጵያ ዜጋ ኢ-2 የሚባለውን የኢንቨስተር ቪዛ መጠየቅ ይችላል። ናይጄሪያዊ ወይም ህንዳዊ ይህ ዕድል የለውም። እኛ ያለንን ሳናውቀው መቅረታችን በጣም ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ድርሻችሁ ልምጣ። 60 ለ40 ያላችሁት ነገር ማመልከቻሽን ይጥለዋል። ለኢ-2 ከድርጅቱ ቢያንስ ግማሹ በስምምነቱ አገር፣ ማለትም በኢትዮጵያ ዜጎች እጅ መሆን አለበት። ወንድምሽ አሁን አሜሪካዊ ነው፤ የትውልድ አገሩ አይቆጠርለትም። ግሪን ካርድ ብቻ ቢኖረው እንኳ ድርሻው ለዚህ አይቆጠርም ነበር። ስለዚህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያንቺ ይሁን፤ ሥራውን የምትመሪውም አንቺ መሆንሽ በወረቀት ይታይ። ወንድምሽ ሊረዳሽ ከፈለገ ገንዘቡን በስጦታ ይስጥሽ፤ ስጦታ ይቀበላሉ፣ ከየት እንዳመጣው ካስረዳ። ብድርም ይሆናል፤ ግን መያዣው የራስሽ ንብረት እንጂ የካፌው ዕቃ መሆን የለበትም።

ስንት ብር ይበቃል? ሕጉ ቁጥር አላስቀመጠም። ሰው ሁሉ «100 ሺህ ዶላር» ሲል ትሰሚያለሽ፤ እሱ የልማድ ግምት ነው። የሚታየው ካፌው ከሚፈልገው ወጪ ያወጣሽው ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ሥራው ትንሽ ከሆነ ወጪውን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ማውጣት ይጠበቅብሻል። ባንክ ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ ደግሞ እንደ ኢንቨስትመንት አይቆጠርም። የቡና መቁያው ተገዝቶ፣ ኪራዩ ተከፍሎ መታየት አለበት። «ቪዛውን ቢከለክሉኝስ?» ብለሽ ከፈራሽ፣ ገንዘቡን ሦስተኛ ወገን ይዞ ቪዛው ሲፈቀድ ብቻ ለሻጩ የሚለቅበት ውል ይፈቀዳል። ጠበቃሽን ስለዚህ ጠይቂው።

ካፌው አንቺንና ቤተሰብሽን ከማብላት አልፎ ሌላ ሰው የሚቀጥር መሆኑን በዕቅድሽ አሳዪ። ስትገቢ የሚሰጥሽ የሁለት ዓመት ቆይታ ነው፤ ንግዱ እስካለ ይታደሳል። ባለቤትሽ እዚያ መሥራት ይችላል፣ ልጆችሽ 21 ዓመት እስኪሞላቸው አብረውሽ ይኖራሉ። በራሱ ግን ግሪን ካርድ አያመጣም። ይህን አውቀሽ ግቢበት።

ጥያቄ፦ አዳማ ያለኝን ቤት ሸጬ በገንዘቡ ውጭ ንግድ ልጀምር ነው። ውሉ ላይ የሰፈረው ዋጋ ከተቀበልኩት ያነሰ ነው። ገንዘቡን በጥቁር ገበያ በሰው በኩል ልልክ አስቤያለሁ።

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ ከመላክዎ በፊት ይህን ያንብቡ። የአሜሪካም ሆነ የሌላ አገር ቆንስላ የሚጠይቅዎት ስንት አለዎት ብቻ አይደለም። ከየት መጣ፣ በምን መንገድ መጣ ይልዎታል። ውሉ 3 ሚሊዮን ብር ይላል፣ እርስዎ 7 ሚሊዮን ተቀብለዋል እንበል። 4ቱ ሚሊዮን ምንም ማስረጃ የለውም። ግብር ለመቀነስ ተብሎ የተጻፈ ቁጥር እዚህ ጋ ተመልሶ እርስዎን ይይዛል።

በጥቁር ገበያ ሲላክ ደግሞ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። አንዱ ጫፍ ላይ ብር፣ ሌላው ጫፍ ላይ የማያውቁት ሰው ያስገባው ዶላር ይቀራል፤ መሃሉ ባዶ ነው። ሕገ ወጥነቱም ሳይረሳ።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብዙ ሰው «አሁን ዶላር ማውጣት ነጻ ሆነ» ብሎ ነበር። አይደለም። ከአገር ውስጥ ካፒታል አውጥቶ ውጭ ኢንቨስት ማድረግ የብሔራዊ ባንክን ፈቃድ የሚፈልግ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ውጭ ያለ ገንዘብ፣ ማለትም የልጅ ስጦታ ወይም እዚያው ተሠርቶ የተጠራቀመ፣ ለማስረዳት በጣም ይቀላል። ውሉን በተመለከተ አንድ ጥሩ የሒሳብ ባለሙያና ጠበቃ ያማክሩ፣ ከግብር ቢሮው ጋር ያለውን ነገር ያስተካክሉ። ሌላ ወረቀት እንሥራልዎ የሚል ደላላ ቢመጣ ግን በሩን ይዝጉበት።

ጥያቄ፦ ሻርጃ ሰው ቤት እሠራለሁ። ማታ ማታ እንጀራ ጋግሬ ለአበሾች እሸጣለሁ። አንድ ሰው በ«ፍሪ ቪዛ» የራስሽን ንግድ ክፈች አለኝ።

መልስ፦ የኔ እህት፣ «ፍሪ ቪዛ» የሚባል ቪዛ በሕግ የለም። አንድ ከፊል (ስፖንሰር አሠሪ) በስሙ ቪዛ አውጥቶ ሌላ ቦታ እንድትሠሪ ይለቅሻል፣ አንቺ በየጊዜው ትከፍይዋለሽ። ስትያዢ የምትቀጪው አንቺ ነሽ።

ትክክለኛው መንገድ አለ፣ ግን ገንዘብ ይፈልጋል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በኤምሬትስ ለአብዛኛው ንግድ የአገሬው ሸሪክ ግዴታ አይደለም፤ መቶ በመቶ ያንቺ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ላይሰንስ ይወጣል፣ በላይሰንሱ የባለሀብት ቪዛ ይጠየቃል፣ ከዚያ የጤና ምርመራና ኤሚሬትስ አይዲ። የምግብ ሥራ ስለሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ኩሽናውን ያያል፤ የመኖሪያ ቤት ኩሽና ይዘሽ እንዳትሄጂ። ደላሎች ርካሽ የፍሪ ዞን (የተከለለ ነጻ የንግድ ቀጠና) ላይሰንስ ሊሸጡልሽ ይችላሉ። እሱ ለብቻው ከዞኑ ውጭ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አያስከፍትሽም።

ዋናው ነገር፣ ከቤቱ ጠፍተሽ እንዳትወጪ። ጠፋች ተብሎ ከተመዘገበብሽ ሁሉም በር ይዘጋል። ኢቃማሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) በሥርዓት ተሰርዞ ውጪ።

ጥያቄ፦ ሶፍትዌር እሠራለሁ። የኢስቶኒያን ኢ-ሬዚደንሲ ካወጣሁ አውሮፓ መኖር እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም። እሱ ዲጂታል መታወቂያ ነው። አገር ቤት ቁጭ ብለህ ኢስቶኒያ ውስጥ ኩባንያ ታስመዘግባለህ፣ በኤሌክትሮኒክ ትፈርማለህ። ለመግባትም ለመኖርም መብት አይሰጥም። መኖር ከፈለግህ የኔዘርላንድስን የስታርት አፕ ፈቃድ ተመልከት፤ አንድ ዓመት ይሰጣል፣ ግን እዚያ የታወቀ አማካሪ ድርጅት ሊይዝህ ይገባል። በብሪታንያም ለጀማሪ መሥራቾች የሚሆን ቪዛ አለ። የ50 ሺህ ፓውንድ የመነሻ ገንዘብ መስፈርቱ ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል፤ ሐሳብህ ግን አዲስና ሊያድግ የሚችል ነው ብሎ የሚመሰክርልህ የተፈቀደለት ተቋም ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ናይሮቢ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገንም። ኢስሊ ላይ ሱቅ ብከፍትስ?

መልስ፦ መግባትና መነገድ ይለያያሉ። ለንግድ ክላስ ጂ የሚባል ፈቃድ አለ። ቢያንስ 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ካፒታል ማሳየት ይጠይቃል። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች በሌላ ሰው ስም ሱቅ ይከፍታሉ። ያ ሰው ነገ ቢክድህ ዕቃው የኔ ነው ብለህ የምታሳየው ወረቀት አይኖርህም። ገንዘቡ ካልሞላህ እዚያው ካለ ሕጋዊ ነጋዴ ጋር ከአዲስ አበባ ሆነህ ዕቃ መላክ ትችላለህ፤ ለሱ የናይሮቢ ፈቃድ አያስፈልግህም፣ የኢትዮጵያ የላኪነት ንግድ ፈቃድ እንጂ።