ከከሰል ጉድጓድ ወደ ሐይቅ፦ ስለ ግሮስሬሸን ጥያቄና መልስ

ግሮስሬሸን በምሥራቅ ጀርመን፣ ላውዚትስ በሚባለው የከሰል አካባቢ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስለ እሷ የጠየቃችሁኝን እነሆ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በከተማዋ ዳር ያለው ሐይቅ ድሮም ነበረ?

መልስ፦ የለም። ቦታው ሞይሮ የሚባል የከሰል ማውጫ ነበር። አፈሩ ከላይ ተገፎ ቡናማ ከሰል ይዛቅበት ነበር። ማውጫው በ1999 ተዘጋ፣ ውሃ መሙላት የተጀመረው ግን በ2007 ነው።

ጥያቄ፦ ጉድጓዱ በራሱ አይሞላም?

መልስ፦ ይሞላል፣ ግን እጅግ ቀስ ብሎ ነው። ከሰል በሚወጣበት ጊዜ የከርሰ ምድሩ ውሃ ያለማቋረጥ በፓምፕ ይሳባል። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ይመለሳል፣ ችግሩ አሲድ ይዞ መምጣቱ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለው ፓይራይት የሚባል ማዕድን አየርና ውሃ ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድና የሟሟ ብረት ያመነጫል። ስለዚህ ከወንዝ ውሃ ይጠለፋል፣ በጀልባም ኖራ ይረጫል። ድርቅ በሆነ ዓመት ደግሞ ወንዙ ለራሱም አይበቃም። እንዲህ ያለ ሐይቅ በተፈጥሮ የተገኘ ስጦታ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ይህንን ልብ ይበል።

ጥያቄ፦ ዳርቻውስ አያሰጋም?

መልስ፦ ያሰጋል እንጂ! ተቆፍሮ የተመለሰ ልቅ አሸዋ ውሃ ሲጠግብ በድንገት ሊናድ ይችላል። በሐምሌ 2009 ናኽተርሽቴት በምትባል ሌላ የጀርመን የከሰል መንደር፣ በሐይቁ ዳር ያለው መሬት ተንዶ ቤቶችን ይዞ ገባ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። አፈሩ እስኪጠቀጠቅና እስኪመረመር ድረስ ዳርቻው ይታጠራል። የመዋኛ ቦታ ሲዘገይ ሰው ይነጫነጫል፤ እኔ ግን መዘግየቱን እደግፋለሁ።

ጥያቄ፦ ነዋሪዎቹ ምን ሆኑ?

መልስ፦ በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የከተማዋ ደቡባዊ ሰፈር ለከሰሉ ሲባል ፈረሰ፣ ሺዎች ከቤታቸው ተነሡ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ጀርመኖች ተዋሃዱ፣ ማውጫዎቹም ተራ በተራ ተዘጉ። ሰፈሩም ሄደ፣ ሥራውም ሄደ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከተማዋ እንዴት አገገመች?

መልስ፦ ለእኔ ትልቁ ነገር ውሃውን ሳትጠብቅ መነሣቷ ነው። በጉድጓዱ አፋፍ ላይ የመመልከቻ እርከኖች የተሠሩት ከውሃው ቀድመው በ2004 ነው። ከአንድ የማዕድን ማሽን የተወሰደ የብረት ክንድ ወደ ሐይቁ የሚዘልቅ ድልድይ ሆነ። የወንደላጤ ሠራተኞች ማደሪያ የነበረው ሕንፃ ሆቴል ሆኗል። በቁልቁለቱ ላይ ወይን ተተክሏል።

ጥያቄ፦ ቱሪዝሙ የከሰሉን ሥራ ተካ?

መልስ፦ አልተካም። ከሰል ዓመቱን ሙሉ ደሞዝ ይከፍል ነበር፣ ሐይቅ ሰው የሚያመጣው በሞቃቶቹ ወራት ነው። ጀርመን እስከ 2038 ድረስ ከከሰል ለመውጣት በ2020 ሕግ አውጥታ፣ ለከሰል አካባቢዎች እስከ 40 ቢሊዮን ዩሮ መድባለች። ገንዘቡ ወጣቶቹን የሚያስቀር ቋሚ ሥራ ላይ መዋል አለበት፤ የጀልባ ማቆሚያ ብቻውን ቤተሰብ አያኖርም።