ዳንሰኛዋና አታሚው፦ ስለ ቱሉዝ-ሎትሬክ የ1893 ሊቶግራፍ (የድንጋይ ሕትመት) ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንሪ ደ ቱሉዝ-ሎትሬክ «ለስታምፕ ኦሪዢናል» (ትርጉሙ «ኦሪጅናል ሕትመት») ለተባለው የሕትመት ሥዕሎች መድበል በሠራው ሽፋን ላይ የሚታዩት ሁለት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ሴቲቱ ሙላን ሩዥ የተባለው የፓሪስ ጭፈራ ቤት ዳንሰኛ የነበረችው ዣን አቭሪል ናት። ሠዓሊው በሌሎች ሥራዎቹ በመድረክ ላይ እግሯን አንስታ ስትጨፍር ያሳያት ሲሆን፣ በ1893 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ሥራ ግን ኮፍያዋን እንደደፋች በፓሪሱ የአንኩር ማተሚያ ቤት ቆማ አንድ የሕትመት ወረቀት በጥሞና ስትመረምር እናያታለን። ከእርሷ ኋላ ማተሚያውን የሚያንቀሳቅሰው አረጋዊ ባለሙያ ፔር ኮቴል ነው። ስሙ እምብዛም የማይነሣውን አታሚ ከዝነኛዋ ዳንሰኛ ጋር በአንድ ገጽ ማቆሙ፣ በእኔ እምነት፣ የዚህ ሥዕል ትልቁ ቁም ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ከድንጋይ ላይ ሥዕል የሚታተመው እንዴት ነው?

መልስ፦ ነገሩ ሁሉ የተመሠረተው ቅባትና ውኃ ባለመስማማታቸው ላይ ነው። ሠዓሊው በተስተካከለ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ወይም ቀለም ይስላል፤ ድንጋዩ በሙጫና በአሲድ ከተዘጋጀ በኋላ በውኃ ሲርስ፣ የማተሚያው ቀለም የሚይዘው ቅባት ባለበት ቦታ ብቻ ይሆናል። ባለብዙ ቀለም ሥራ ለየቀለሙ የተለየ ድንጋይ ስለሚፈልግ ያው ወረቀት ደጋግሞ በማተሚያው ሥር ያልፋል፤ ጥቂት ቢዛነፍ መስመሩና ቀለሙ ይለያያሉ። ሎትሬክ በዚህ ላይ ቀለምን በብሩሽ እየረጨ እንደ ጤዛ የረገፉ ነጥቦችን ይጨምር ነበር። የኮቴልን የመሰለ እጅ ያስፈልግ የነበረውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በ100 ቅጂ የታተመ ሥራ እንዴት ኦሪጅናል ሊባል ይችላል?

መልስ፦ ቀድሞ የተሳለ የቀለም ቅብ ሥዕል ግልባጭ ስላልሆነ ነው። ሠዓሊው የሳለው ለሕትመቱ ብሎ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጂ ራሱ ሥራው ነው። አሳታሚው አንድሬ ማርቲ ከ1893 እስከ 1895 ድረስ የ74 ሠዓሊያንን 95 ሥራዎች ያወጣው በዚሁ እምነት ሲሆን፣ ጎጋን፣ ረዶን፣ ቦናርና ቩያር ከእነርሱ መካከል ናቸው።

ጥያቄ፦ የጃፓን ሕትመቶች ተጽዕኖ አለበት?

መልስ፦ አዎን፤ ጥላ የሌለው ዝርግ ቀለምና ጎላ ያለው የዙሪያ መስመር ከዚያ የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ የድንጋይ ሕትመትን ከዘመናዊ ቅጂ በምን እንለየዋለን?

መልስ፦ በማጉያ መነጽር ይመልከቱት። የተለመደው የኦፍሴት (ዘመናዊ የማሽን ሕትመት) ቅጂ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ሲያሳይ፣ የድንጋዩ ሕትመት ቅንጣቶች ግን መጠናቸውም አቀማመጣቸውም የተዘበራረቀ ነው።