አሮጌው ቴሌቪዥን ጥፋተኛ ነውን? ጨዋታን ከላፕቶፕ ወደ ሳሎን ስለማስተላለፍ ጥያቄና መልስ

በጅማ ልዩ ልዩ ሰፈሮች የምንገኝ የኮምፒውተር ጨዋታ ወዳጆች ደጋግማችሁ ያነሣችሁትን ጉዳይ ዛሬ በጽሑፍ እመልሳለሁ። ጉዳዩ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ጨዋታ በቤት ውስጥ መረብ አማካይነት ወደ ቆየ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ምስሉ ለምን እንደሚቆራረጥ ነው። አብዛኞቻችሁ በላፕቶፑ ላይ ምስሉን የሚልከውን ሰንሻይን የተባለ ፕሮግራም፣ በተቀባዩ ላይ ደግሞ ምስሉን የሚቀበለውን ሙንላይትን ስለምትጠቀሙ መልሴ በእነዚህ ላይ ይመሠረታል። አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብ፦ ሙንላይት በስክሪኑ ጥግ የሚያሳየውን የቁጥር ሰሌዳ ሳታነቡ አትጠይቁኝ።

ከኮቺ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በ32 ኢንች ቴሌቪዥናችን ላይ ጨዋታው ይንቀረፈፋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብሎ ዝም የሚል በሽተኛ ምን መድኃኒት ይታዘዝለታል? ምስሉ ዓይንህ ዘንድ እስኪደርስ በሦስት እጅ ያልፋል፦ ላፕቶፑ ሠርቶ ይጨምቀዋል፣ መረቡ ያደርሰዋል፣ ቴሌቪዥኑ ወይም ከጀርባው የሰካኸው ሣጥን ፈትቶ ያሳየዋል። በሰሌዳው ላይ በሰከንድ ከመረቡ የገባው ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ተከታታይ ምስሎች እያንዳንዱ)፣ የተፈታው ፍሬምና በመንገድ የጠፋው በመቶኛ ለየብቻ ተጽፈዋል። የገባው 60 ሆኖ የተፈታው 30 ከሆነ ተቀባዩ ደክሟል። የጠፋው ከፍ ካለ መንገዱ ተበላሽቷል። ምንም ሳይጠፋ የገባው ራሱ 35 ከሆነ ግን ላፕቶፑ ከዚያ በላይ አልሠራም ማለት ነው። አንብበህ ተመለስ።

ከመርካቶ፦ ላፕቶፑ በጓዳ በኩል ባለው ክፍል ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሳሎን፣ ራውተሩ በመካከል ተቀምጧል። ሁሉም በዋይፋይ ተገናኝተዋል፤ የጠፋው ፍሬም 9 በመቶ ይላል።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ላፕቶፑም ቴሌቪዥኑም በዋይፋይ ሲገናኙ እያንዳንዱ የምስል ቁራጭ አየሩን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፦ አንድ ጊዜ ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ሌላ ጊዜ ከራውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ። በአንድ የዋይፋይ መስመር ላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸውም፣ ከቤተሰቡ ስልኮችም፣ በዚያው መስመር ላይ ካለው የጎረቤት ራውተርም ጋር ተራ ይጠብቃሉ። ፊልም ቢሆን ቀድሞ አጠራቅሞ ስለሚያሳይ ይህ መጠበቅ አይታወቅም፤ ጨዋታ ግን የዘገየውን ፍሬም የማጠራቀም ዕድል የለውም፤ ይጥለዋል።

ስለዚህ ላፕቶፑን ብቻ እንኳ ከራውተሩ ጋር በገመድ ብታገናኘው የአየሩ ሸክም በግማሽ ይቀንሳል፤ ሁለቱንም ብታገናኝ ደግሞ ከእኔ ጋር የምትነጋገርበት ጉዳይ አይኖርህም። የአሮጌ ቴሌቪዥን የኔትወርክ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሜጋቢት በሰከንድ አይበልጥም፤ ይህ ያነሰ የሚመስላችሁ አላችሁ፤ ነገር ግን ሙንላይት ለ1080 (1920 በ1080 ነጥብ) ምስል በ60 ፍሬም በራሱ የሚመርጠው 20 ሜጋቢት ነው። ካት 5ኢ የሚባለው ተራ ገመድ እስከ 100 ሜትር ይሠራል፤ ሳሎኑ 100 ሜትር የሆነ ሰው ካለ ሌላ ምክር እፈልግለታለሁ። ገመድ መዘርጋት ፈጽሞ የማይቻል ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ተጠቀም፤ ቴሌቪዥኑ የሚያውቀው 2.4ን ብቻ ከሆነ ደግሞ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ጎረቤት ያልያዘውን ቻናል ምረጥ። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አትደብቀው፤ የጭቃ ግድግዳ ሞገዱን ያዳክመዋል፣ ቆርቆሮና ሌላ ብረት ግን ይመልሰዋል።

ከአጂፕ፦ እኔ እንኳ መፍትሔው የኢንተርኔቱን ፓኬጅ ማሳደግ ነው እላለሁ። እኛ ቤት ፓኬጁ ካደገ ወዲህ መቆራረጡ ቀርቷል።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ወንድሜ፣ በዚያው ሰሞን ራውተሩንም እንደቀየራችሁ ራስህ ነግረኸኛል። የሠራው ራውተሩ እንጂ ፓኬጁ አይደለም።

ከአጂፕ፦ ሁለቱም አንድ ቀን ስለሆኑ የትኛው እንደሠራ አንተም ልታውቅ አትችልም።

መልስ፦ ማወቅ ይቻላል። ከውጭ የሚገባውን የኢንተርኔት መስመር ከራውተሩ ነቅላችሁ ኢንተርኔት የማይጠይቅ ጨዋታ አስተላልፉ። ጨዋታው ይቀጥላል፤ ምክንያቱም ምስሉ ከክፍል ወደ ክፍል እንጂ ከቤታችሁ ወጥቶ አይሄድም። ከጓዳ ወደ ሳሎን ቡና ለማቅረብ የከተማው መንገድ መስፋት አለበት የሚል ሰው አላየሁም። ስለ ፓኬጅ ሁለተኛ ጥያቄ አልመልስም።

ከጅሬን፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ከልጅ ልጄ ጋር እጫወታለሁ። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑንና ራውተሩን ከሶላሩ ላይ እሰካለሁ፤ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይሠራል። ያን ጊዜ 60 የነበረው ወደ 30 ይወርዳል። ቴሌቪዥኑ ኃይል አንሶት ይሆን?

መልስ፦ ቴሌቪዥኑን አይጠርጥሩት፣ የኔታ። ላፕቶፕ ከባትሪ ሲሠራ የምስል ካርዱን ኃይል ይቀንሳል፤ የእርስዎ የኤንቪዲያ ካርድ ከሆነ ደግሞ ባትሪ ቡስት የሚባለው ቅንብር ጨዋታውን በ30 ፍሬም ሊገድበው ይችላል። ይህን ቅንብር ቢያጠፉት ፍሬሙ ከፍ ሊል ይችላል፤ ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል። ሶላሩ የሚችል ከሆነ ላፕቶፑንም ከእርሱ ላይ ይሰኩት።

ከሄርማታ፦ ጋሼ፣ ሰሌዳውን አንብቤያለሁ፤ የገባውም የተፈታውም 60 ነው፤ የጠፋ የለም። ዓይኔ ግን ምስሉ በየሰከንዱ ሲያነክስ ያያል። ዓይኔ ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ዓይንሽ ልክ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በመምጣቱም ደስ ብሎኛል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የተሰካው ሣጥን ምስል የሚያወጣበት ፍጥነት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ) ላይ ተቀምጦ ይሆናል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ፓል የሚባለው የቀድሞ የቴሌቪዥን ሥርዓትም በሰከንድ 50 ጊዜ በሚታደስ ምስል ላይ የቆመ ስለነበር፣ ብዙ ሣጥኖች አገር ሲመረጥ በዚያው ይቀመጣሉ። 60 ፍሬም ተቀብሎ 50 ብቻ የሚያሳይ ሣጥን በየሰከንዱ 10 ፍሬም ይጥላል፤ የሚጥለውም ከተፈታ በኋላ ስለሆነ የገባውና የተፈታው ቁጥር አያሳብቁበትም። በሣጥኑ የስክሪን ቅንብር ውስጥ 60 ኸርዝን ምረጪ። ሣጥኑ 4ኬ ላይ ከሆነም ወደ 1080 አውርጂው፤ ሣጥኑ የሚሰካበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የቆየው ዓይነት 1.4 የሆነበት ቴሌቪዥን 4ኬን ከ30 ኸርዝ በላይ አይቀበልም። በቴሌቪዥኑ በኩል ምስሉን ሳያዘገይ የሚያሳየውን የጌም ሞድ ቅንብር አብሪ፤ እንቅስቃሴን አለስልሳለሁ የሚለውን ቅንብር አጥፊ፤ እርሱ ፍሬም አይጨምርልሽም፣ ቁልፉን ከተጫንሽ በኋላ ያስጠብቅሻል እንጂ።

ከፈረንጅ አራዳ፦ በዚህ አጋጣሚ፣ ለእግር ኳስ ጨዋታ የማይዋልል 30 ፍሬም ከሚዋልል 60 ይሻላል።

ከአጂፕ፦ አይሻልም። በ30 ኳስ መቀባበል በሬ እንደመንዳት ነው።

መልስ፦ በዚህ የምትከራከሩበት ቦታ ሌላ ነው። እኔ ግን ከሚዋልል 60 ይልቅ የማይዋልል 30ን እመርጣለሁ። በነገራችን ላይ ጨዋታውን በ60 ገድቡት፤ ካርዱ ሙሉ ኃይሉን በጨዋታው ላይ ከጨረሰ ምስሉን ለመቅዳትና ለመጭመቅ አቅም ያጥረዋል።

ከመርካቶ፦ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ከፍተን ማራገቢያ ብንጨምርስ?

መልስ፦ አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚቀር ኤሌክትሪክ አለ። ጀርባው ከግድግዳ ይራቅ፤ ይበቃል።

ከኮቺ (ሌላ ጠያቂ)፦ ያገኘሁት መመሪያ የኤንቪዲያን ጌምስትሪም አብራ ይላል፤ እኔ ግን አላገኘሁትም።

መልስ፦ እርሱ እንደ ሰንሻይን ምስሉን የሚልክ ነበር፤ በ2023 ቆሟል። ሰንሻይንን ጫን።

ከጅሬን (ሌላ ጠያቂ)፦ ቴሌቪዥኔ ይቆራረጣል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቁጥር።

ከኮቺ (የመጀመሪያው ጠያቂ)፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፤ አንብቤ መጣሁ። የገባው 60፣ የተፈታው 33፣ አንዱን ፍሬም ለመፍታት የሚፈጀው 30 ሚሊሰከንድ፣ የጠፋው 0 በመቶ። የላክሁት 1080 ነው።

መልስ፦ ይኸውልህ፣ መልሱን ራስህ ይዘኸው መጥተሃል። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማሳየት ለአንዱ ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ የአንተ ተቀባይ 30 ይፈጅበታል። ወደ 720 (1280 በ720 ነጥብ) አውርደው፤ የነጥቦቹ ብዛት ከ2,073,600 ወደ 921,600 ይወርድለታል። ብዙ የ32 ኢንች አሮጌ ቴሌቪዥኖች ስክሪናቸው 1366 በ768 ስለሆነ የምታጣው ጥቂት ነው። ቪዲዮውን ኤችኢቪሲ በሚባለው አዲስ የመጭመቂያ ዘዴ የምትልክ ከሆነም ኤች 264 ወደሚባለው የቀድሞ ዘዴ ቀይረው፤ የቆየ ተቀባይ የሚያውቀው እርሱን ነው። ፍጥነቱንም 10 ሜጋቢት ላይ አድርገው።

ከኮቺ፦ አደረግሁት፤ የተፈታው አሁን 60 ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ ግን «ምስሉ ደበዘዘ» ይላል።

መልስ፦ ወንድምህ ሰሌዳውን አንብቦ ራሱ ይጠይቀኝ።