ዓድዋ ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2?

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤታችን የግድግዳ መጽሔት «ታሪክ በዛሬዋ ዕለት» የሚል ዓምድ እያዘጋጀን ነው። የውጭ መጻሕፍት የዓድዋን ድል ማርች 1 ቀን 1896 ይሉታል። እኛ ግን በዓሉን የምናከብረው ማርች 2 ላይ ነው። የተሳሳተው ማን ነው? (የታሪክ መምህር፣ አራት ኪሎ)

መልስ፦ ማንም አልተሳሳተም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእርግጥ ማርች 1 ነበር። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ100 የሚካፈል ዓመት በ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪው 28 ላይ ያበቃል፤ 1900 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። የእኛ ጳጉሜ ግን በየዘመነ ሉቃሱ ሳታቋርጥ 6 ትሆናለች። ስለዚህ የሁለቱ አቆጣጠር ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። 2000 በ400 ስለሚካፈል ምንም አልተነካም። በ2092 ዓ.ም. ግን የካቲት 23 ማርች 3 ላይ ይውላል።

የእኛን ቀን ወደ ጎርጎርዮስ ስትመልሱ ወሩ የሚገባበትን ያዙ፦ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9። ከቀኑ ቁጥር አንድ ቀንሳችሁ ቀሪውን ደምሩ። ለሚያዝያ 27፣ 9 ላይ 26 ሲደመር 35 ይሆናል፤ የኤፕሪልን 30 ስትቀንሱ ሜይ 5 ይወጣል። በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት፣ ከመስከረም 1 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አንድ ቀን ይጨመራል፤ ከማርች ወዲህ ጭማሪው ይቀራል። ከ1892 ዓ.ም. በፊት ባሉት መቶ ዓመታት ለሆነ ነገር ደግሞ ከውጤቱ አንድ ቀን ቀንሱ። የዓድዋ ጉዳይ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ዓመቱ ላይ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 የሚደመረው 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ስለነበር ኖቬምበር 2 ቀን 1930 ይሆናል፤ በልማድ 8 የደመረ 1931 ብሎ ይጽፋል።

ከማተማችሁ በፊት ዕለቱን አመሳክሩ። ቀመሩ ቢለያይም ሰባቱ ዕለታት በሁለቱም ዘንድ አንድ ናቸው። ዓድዋ እሑድ ነበር፤ ማርች 1 ቀን 1896ም እሑድ ነው። ማርች 2 ብላችሁ ብትጽፉ ሰኞ ይወጣባችኋል። ወርኃዊ በዓሉም ይረዳል፦ 23 የጊዮርጊስ ነው፣ ታቦቱም ከጦሩ ጋር ዘምቷል። እኛ ዕለቱ ያልተጻፈበትን ቀን ለኅትመት ባናሳልፍ እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ከጣሊያን ነፃ የወጣችው ሚያዝያ 27 ነው? (አንባቢ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ከተማዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በጄኔራል ከኒንግሃም የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ሲገባ ነው። ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል የገቡበት ቀን ነው። የማርሻል ባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባውም ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበርና ልክ አምስት ዓመት ሞልቶ ነበር። ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ ስለዚህ በዚያን ዘመን የተማሩ ወላጆች ሌላ ቀን ቢነግሯችሁ አይግረማችሁ።

ጥያቄ፦ የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የአንድ ቀን መታሰቢያ ነው? (ተማሪ፣ ስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ስሙ የአንድ ቀን ነው፤ ጭፍጨፋው ግን ሦስት ቀን ዘልቋል። ዓርብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ግቢው ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። የዚያን ዕለት ድሆች ምጽዋት ለመቀበል ተሰብስበው ነበርና መጀመሪያ የተረሸኑት እነሱ ናቸው። ከዚያ ግድያውና ቤት ማቃጠሉ በከተማው ሁሉ እስከ የካቲት 14 ቀጠለ። «ከየካቲት 12 እስከ 14» ብላችሁ ጻፉ፤ ቅዳሜና እሑድ የተገደሉትም ሰማዕታት ናቸው።