ዘንድሮም «አልተቀበልንም» ለተባላችሁ

ከጎንደር ነው የምጽፍላችሁ። አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ሜዲካል ስኩል ለመግባት ደጋግሜ አመልክቼ ደጋግሜ ተመልሻለሁ፤ በኋላ ገብቼ፣ ተምሬ፣ ሠርቼ ነው አገሬ የገባሁት። ያ የ«እናዝናለን» ኢሜይል ሲመጣ ሰው ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። ስልኩን ገልብጣችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ወደ ሥራችሁ ትመለሳላችሁ፣ ለማንም አትናገሩም። ማታ ደግሞ እናት «ምን አዲስ ነገር አለ?» ትላለች።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ «ሞራሌን እንዴት ልጠብቅ?» እያላችሁ ነው። ቪዲዮ አይቶ የሚመጣ ሞራል ሳምንት አይቆይም። እኔ እስካየሁት ድረስ የሰው ሞራል የሚመለሰው እውነቱን ለቤተሰቡ አፍ አውጥቶ ሲናገርና የማመልከቻ ፋይሉ ውስጥ የሆነ ነገር የእውነት ሲለወጥ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ከቤተሰቡ ልጀምር፣ ምክንያቱም የኛ ልጆች ቅስም የሚሰበረው በብዛት እዚያ ላይ ነው።

ወላጆቻችሁ የሚያውቁት ማትሪክን ነው። ልጅ ይፈተናል፣ ነጥቡ ይመጣል፣ ከበቃው ሕክምና ይመደባል፣ ካልበቃው አይመደብም፣ አለቀ። ስለዚህ «አልተቀበሉኝም» ስትሏቸው እነሱ የሚሰሙት «አላጠናሁም» የሚል ነው። የአሜሪካው አሠራር እንደዚያ አይደለም። በየዓመቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ለኤምዲ (የሕክምና ዶክተር ዲግሪ ለሚሰጡ) ትምህርት ቤቶች ያመለክታል፤ የሚገባው 23 ሺህ ገደማ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይመለሳል፤ ከተመለሱት ውስጥ ደግሞ ውጤታቸው ያማረ ሞልቷል። ይሄን ቁጥር ለቤተሰብ ንገሩ። ቁጭ አድርጋችሁ፣ በአማርኛ፣ ቡና እየተጠጣ ንገሩ። አባት ለማመልከቻው ዕቁቡን አውጥቶ ከሰጠ፣ እናት ሁለት ሺፍት እየሠራች ካስተማረች፣ ገንዘቡ የት እንደገባና ለምን እንዳልሆነ የማወቅ መብት አላቸው።

ባለፈው ጥምቀት ከሜሪላንድ የመጣች አንዲት ልጅ አያቷ ቤት ቡና ላይ አገኘኋት። ቀሃ አካባቢ ነው ቤቱ። አያትየው ለጎረቤቱ ሁሉ «ዶክተሯ ልጄ መጣች» ብለው ነግረዋል። አንዲት እናት መጡና ቀሚሳቸውን ትንሽ ሰብሰብ አድርገው «ዶክተር፣ እስቲ ይቺን ጉልበቴን እይልኝ» አሏት። ልጅቷ ስኒውን እንደያዘች ቀረች። ያን ዓመት ካመለከተችባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱም ለኢንተርቪው እንኳ አልጠራትም ነበር፤ ቤተሰቡ ግን አንድም ነገር አያውቅም። ስንወጣ እንባዋ እየወረደ ነገረችኝ። «እኔ ላይ ያለቀስሽውን ያህል ለእሳቸው ንገሪያቸው» አልኳት። በማግስቱ ነገረቻቸው። አያትየው ሰምተው ሰምተው «የኔ አባት በዓታ አቋቋም ሲማሩ ስንት ዘመን ተመላለሱ መሰለሽ?» አሏት። ይሄው ነው ያሉት። ለዓመታት የፈራችው ነገር እዚያው ቡና ላይ አለቀ።

ሁሉም አያት እንደዚህ አይመልስም፣ አውቃለሁ። «የእገሌ ልጅ እኮ ገባች» የሚል አክስት አይጠፋም። ቢሆንም እውነቱ ከወጣ በኋላ የምትሸከሙት ያንን አንድ ንግግር ብቻ ነው፤ ሳይወጣ ግን በየሰርጉ፣ በየልቅሶ ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መዋሸት አለ። ሰው በቀን ስንት ሰዓት እየዋሸ ማጥናት አይችልም። ደግሞም አንድ ነገር በግልጽ ለምኗቸው፤ «እስክገባ ድረስ ለሰው ዶክተር ብላችሁ አትጥሩኝ» በሏቸው። ይሄ ድፍረት አይደለም።

አሁን ወደ ፋይሉ።

ያንኑ ማመልከቻ ቀኑን ብቻ ቀይሮ መላክ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ድጋሚ ለሚያመለክት ሰው «ካለፈው ወዲህ ምን ተለወጠ?» የሚል ጥያቄ በጽሑፍ ያቀርባሉ። ለዚያ ጥያቄ በሁለት መስመር የሚነገር እውነተኛ መልስ ከሌላችሁ ዘንድሮ አታመልክቱ። አንድ ዓመት ማረፍ ከመዝገብ አያጠፋችሁም። በእልህ ተነስቶ በየዓመቱ ማመልከት ግን ገንዘቡንም ልብንም ይጨርሳል።

የት እንደተሰናከላችሁ ለማወቅ አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፦ ለኢንተርቪው ጠርተዋችኋል ወይስ አልጠሩም? ካልጠሩ ችግሩ ውጤቱ ላይ፣ ጽሑፉ ላይ፣ የትምህርት ቤቶቹ ምርጫ ላይ ወይም ጊዜው ላይ ነው። ጠርተው ከዚያ ከመለሱ ወረቀታችሁ ባብዛኛው ደህና ነበር ማለት ነው፤ የሚሠራው አነጋገራችሁ ላይ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ደውላችሁ ወይም ጽፋችሁ ጠይቁ። ሁሉም አይመልሱም፤ ግን ለተመለሰ አመልካች አስተያየት የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ። የኛ ልጅ በይሉኝታ አይጠይቅም። ጠይቁ።

ኤምካት የሚባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ከ472 እስከ 528 ነው የሚታረመው። የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ 511 እና 512 አካባቢ ነው። ከዚያ በብዙ ዝቅ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ሥሩ፤ ግን ተጣድፋችሁ አትቀመጡ። በአንድ ዓመት ከ3 ጊዜ፣ በተከታታይ ሁለት ዓመት ከ4 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ከ7 ጊዜ በላይ መፈተን አይቻልም፤ ተመዝግባችሁ የቀራችሁበትም ይቆጠራል። አማርኛ እየተናገረ አድጎ በኋላ አሜሪካ የሄደ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ካርስ በሚሉት የንባብ ክፍል ነው። ለሱ መድኃኒቱ በየቀኑ ማንበብ ነው። ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ኪነ ጥበብ፣ ስለ ታሪክ የተጻፈ ከበድ ያለ ጽሑፍ ወራት ሙሉ በየቀኑ ማንበብ። በሁለት ሳምንት ኮርስ አይስተካከልም።

ጂፒኤ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ኮርስ ብትደግሙ የድሮው ውጤት አይጠፋም፤ ሁለቱም ይቆጠራሉ። ስለዚህ የድሮውን ሲ ለመፋቅ ከመታገል አዳዲስ ከባድ የሳይንስ ኮርሶች ወስዳችሁ ኤ ብታመጡ ይሻላል። ያ የመጨረሻው ሁለት ዓመት ውጤት ወደ ላይ ሲወጣ የሚያየው ሰው ይገባዋል።

ጊዜ። ማመልከቻ መላክ የሚጀመረው ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። እየገባ እየገባ ነው የሚታየው፣ ቦታውም እየሞላ ይሄዳል። መስከረም ላይ የሚልክ ልጅ ውጤቱ ቆንጆ ቢሆንም ብዙው ወንበር ተይዞ ይጠብቀዋል። የገንዘብ ነገር ካዘገያችሁ የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር (AAMC) የክፍያ እርዳታ ፕሮግራም አለው፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች፣ ዜጋ ላልሆኑ የግሪን ካርድ ባለቤቶች፣ ለስደተኛና ጥገኝነት ላገኙም ጭምር ነው። የፈተናውን ክፍያ ይቀንሳል፣ የማመልከቻውንም ክፍያ ይሸፍናል። ብቻ ሳትመዘገቡና ሳትከፍሉ አስቀድማችሁ ነው የምትጠይቁት፤ የከፈላችሁትን አይመልሱም።

ድርሰቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ወርቅ የሚባክነው እዚያ ነው። አንድ ልጅ ድርሰቱን ላከልኝ። ስለ ሳይንስ ፍቅር፣ ሰውን ስለ መርዳት፣ ማንም ሊጽፈው የሚችል ነገር ነው። ስልክ ደውዬ ሳወራው ግን ከአዘዞ የመጡ አያቱን የሚያስታምም እሱ ነው። ስኳር አለባቸው፣ ግፊት አለባቸው። ሁልጊዜ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሳምንቱን መድኃኒት በየቀኑ ለይቶ ይደረድርላቸዋል። ጾም ሲገባ አያትየው ጠዋት ኢንሱሊን ተወግተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ይቆዩ ነበር። አንድ ቀን ላብ በላብ ሆነው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ተምታቶ አገኛቸው። ስኳር የበዛበት ሻይ ሰጥቶ ነፍስ ዘራባቸው። ከዚያ ሐኪማቸው ዘንድ አብሯቸው ሄዶ ስለ ጾማችን አስረዳ፣ ሐኪሙም የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት አስተካከለላቸው። «ይሄን ለምን አልጻፍከውም?» አልኩት። «እሱማ ቤተሰብ ነው፣ ሥራ አይደለም» አለኝ።

ወንድሜ፣ ይሄ ሕክምና ነው። ማመልከቻው እስከ 15 የሥራና የአገልግሎት ልምድ ማስገቢያ ቦታ አለው፤ የአያትህ ማስታመም፣ የነርሲንግ ሆም ሥራህ፣ የፓርኪንግ ሥራህ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ማስተማርህ ሁሉ እዚያ ይገባል። ያልሆነውን አትጻፍ፤ የሆነውን ግን አትተው።

ኢንተርቪውም ያው የአስተዳደጋችን ነገር አለበት። ትልቅ ሰው ፊት አንገት ደፋ ማድረግ፣ ራስን አለማወደስ፣ «እኔ» ከማለት «እኛ» ማለት እዚህ ጎንደር ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን ጠያቂው «ይሄ ልጅ የሠራው ነገር የለም» ብሎ ይወስደዋል። ጨዋነታችሁን ጣሉ አልልም። የሠራችሁትን በአጭሩ፣ ቀና ብላችሁ፣ በራሳችሁ ስም መናገርን ግን ተለማመዱ። ከማታውቁት ሰው ጋር፣ ድምፅ እየቀዳችሁ። ከእህት ጋር ከሆነ ሳቅ ብቻ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ዲኦም (ኦስቲዮፓቲክ ከሚባሉት የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚመረቀው) ሙሉ ሐኪም ነው፤ ቀዶ ሕክምናም ሆነ ሌላ ስፔሻሊቲ አይከለከልም፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሬዚደንሲው (ከምረቃ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠለጠነው) ሥርዓትም ከኤምዲው ጋር አንድ ሆኗል። ሰፈር ውስጥ አያውቁትም ብላችሁ አትናቁት። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን ስቴት ነዋሪ ያስቀድማሉ፤ ዳላስና ሂውስተን ያላችሁ ቴክሳስ የራሱ ማመልከቻ እንዳለውና 90 ከመቶው ወንበር ለነዋሪው እንደሆነ እወቁ። ካሪቢያን መሄድ የምታስቡ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ከገቡት ስንቱ እንደተመረቀና ስንቱ ሬዚደንሲ እንዳገኘ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከውጭ ተመርቆ የሚመጣ ሰው ሬዚደንሲ ማግኘት በጣም ይከብደዋል። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ለሕክምና 4 ምርጫ ብቻ ስላላችሁ አመራረጡ ላይ ነው ጊዜ ማጥፋት።

እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ብልጭ ካለ፣ ይሄ የሞራል ጉዳይ አይደለም። ለሐኪም ንገሩ። አሜሪካ ከሆናችሁ 988 ደውሉ፣ ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ። ጠበል መሄድና ሐኪም ማየት አይጣሉም፤ ሁለቱንም አድርጉ።

መቼ ነው የሚበቃው? ይሄን የሚወስን ሌላ ሰው የለም። ግን ከማመልከታችሁ በፊት ወስኑት፤ ኢሜይሉ በመጣበት ሌሊት አይወሰንም። በሌላ በር መግባትንም እንደ ሽንፈት አትቁጠሩት። የዚህ ከተማ የሕክምና ትምህርት እንዴት እንደተጀመረ ብዙ ዲያስፖራ አያውቅም። እዚሁ አጠገባችን ደንቢያ ላይ በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወባ ተነስቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በ1954 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ያሠለጠነው ግን ዶክተር አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ ነበር። የዶክተር ትምህርቱ የመጣው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፣ በምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ እገዛ። በመሀል ባሉት ከ20 በላይ ዓመታት ገጠሩን ያዳረሱት፣ ያዋለዱት፣ ወባውን የተዋጉት እነዚያ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ናቸው። ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምፈልገው በሽተኛው አጠገብ መሆንን ነው ወይስ መጠሪያውን? በሽተኛው አጠገብ መሆንን ከሆነ ነርስነትም፣ ፒኤነትም (ከሐኪም ጋር ሆኖ በሽተኛ የሚያክም ባለሙያ)፣ የሕዝብ ጤናም በሩ ክፍት ነው። የምትፈልጉት የግድ የሐኪሙን ሥራ ከሆነም ምንም ነውር የለውም፤ ፋይሉን ቀይራችሁ ቀጥሉ።

ለጥምቀት ጎንደር የምትመጡና «ሆስፒታል ገብቼ ልምድ ላግኝ» የምትሉም አላችሁ። ጥሩ ነው፣ ግን በሥርዓቱ። ያልተማራችሁትን አትንኩ። መርፌ አትውጉ፣ ቁስል አትስፉ፣ ቢፈቀድላችሁም እንኳ። እናንተ እዚያ የማይፈቀድላችሁን የጎንደር ሰው ላይ መለማመድ ነውር ነው፤ አሜሪካ ያሉት መራጮችም ሲያዩት ፋይላችሁን ይጎዳዋል። የበሽተኛ ፎቶ አታንሱ። ቆማችሁ ተመልከቱ፣ አስታማሚዎቹን አነጋግሩ፣ ከገጠር በእግርና በባጃጅ የመጣ ሰው መድኃኒቱን እንዴት እንደሚገዛ ጠይቁ። ፈቃዱን ደግሞ ከመምጣታችሁ ከወራት በፊት በደብዳቤ ጠይቁ፤ ከከተራው ጀምሮ ከተማው በሙሉ በዓል ላይ ስለሆነ መልስ የሚሰጣችሁ ሰው አታገኙም።