መልስ፦ ጅማ ላይ ለሳይደር የሚሆን አፕል ጁስ በብዛት ከየት ላምጣ?
ወንድሜ ጅማ ላይ ሳይደር (ከአፕል ጁስ በእርሾ የሚፈላ የአልኮል መጠጥ) ልጀምር ነው፣ በሳምንት 200 ሊትር ጁስ ከየት ላግኝ ላልከው፣ በመጀመሪያ ሱቅ ያለውን የታሸገ ጁስ ዝም ብለህ እንዳትገዛ። እኔ ተሸውጄበታለሁ፣ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቼ እርሾ ጨምሬ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጆሮዬን ለጥፌ ባዳምጥ ጭጭ፣ አንዲት አረፋ የለም፣ በኋላ ካርቶኑን ከቆሻሻ ውስጥ አውጥቼ ሳነበው ለካ ፖታሲየም ሶርቤት የሚባል ማቆያ ኬሚካል አለበት 😅 እሱ ነገር እርሾውን እንዳይራባ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ከማንም ስትገዛ ሶርቤት ወይም ቤንዞኤት የሚባለው ሌላው ማቆያ አለበት ወይ ብለህ ጠይቅ፣ ፓስቸራይዝድ (ጀርሙ እንዲሞት በሙቀት ያለፈ) መሆኑ ግን ችግር የለውም።

ትኩስ ከፈለግክ አፕሉ ያለው ጨንቻ ነው፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ደጋው ላይ፣ ከዚህ በዳውሮ በሶዶ አድርገህ ነው የምትሄደው። እዛ ጨምቀው ይላኩልኝ እንዳትል፣ መንገድ ላይ በሙቀት ራሱ መፍላት ይጀምራል፣ ፍሬውን አምጥተህ እዚሁ ጭመቀው። በእጅ መጭመቂያ 1 ሊትር ለማውጣት ወደ 2 ኪሎ ይፈጃል፣ ሂሳብህን በዚህ ስራ። ትንንሹና መልኩ የማያምረው ይበቃሃል፣ ማን ያየዋል፣ የሻገተና የበሰበሰ ግን በፍጹም እንዳታስገባ።

ሌላው ኮንሰንትሬት (ውሃው ወጥቶለት የወፈረ ጁስ) ነው፣ 70 ብሪክስ (ብሪክስ የስኳር መጠን መለኪያ ነው) የሆነውን በውሃ አቅጥነህ 12 አካባቢ ስታደርሰው ወደ 6 ፐርሰንት አልኮል ይሰጥሃል። ጣዕሙ ብቻውን ትንሽ ባዶ ባዶ ይላል፣ እኔ ከትኩሱ ጋር ግማሽ ግማሽ ነው የምቀላቅለው። መጀመሪያ ግን በ20 ሊትር ሞክረው፣ 200ውን አንዴ እንዳትገዛ።