ምራቅ ስለ እናቴ ጥርስ ምን ይናገራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከቢቸና ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ድዱ አጠገብ ጠቁረው እየተበሉ ነው፤ ግን አያማትም። አፏ ስለሚደርቅ ሌሊት ውኃ ከራስጌዋ አይለይም። የግፊት ክኒን ትወስዳለች። አንድ ዘመዳችን «ጥርስ ሊቦረቦር መሆኑ በምራቅ ምርመራ ይታወቃል» አለን። አዲስ አበባ ልውሰዳት? ልጇ ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ለምራቅ ምርመራ ብለው እናትዎን ዓባይን አያሻግሯቸው።

ዘመድዎ ያለ ነገር አልተናገሩም። ምራቅ ከመቶ 99 እጁ ውኃ ነው፤ በቀረችው ጥቂት ውስጥ ግን ጥርስ ጠባቂ ፕሮቲኖች አሉ። ስታተሪን የተባለው ካልሲየሙ በምራቁ ውስጥ ሟሙቶ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ሂስታቲንና ላይሶዛይም ተህዋስያንን ይዋጋሉ። ጥርሱ የተቦረቦረና ጤነኛ የሆነ ሰው ምራቅ ሲነጻጸር የእነዚህ ፕሮቲኖች መጠን ተለያይቶ የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ። ነገር ግን በአንዱ ጥናት ጨምሮ የታየው በሌላው ቀንሶ ይገኛል። ፕሮቲኑ ጧትና ማታ፣ ከምግብ በፊትና በኋላ ይለዋወጣል፤ ድድ ሲቆስልም ከደም የመጣ ይቀላቀልበታል። በ70 ዓመት ሰው አፍ ይህ ሁሉ ተደራርቦ ስለሚገኝ፣ «ከዚህ በታች ከወረደ ጥርስዎ ይበላል» የሚያሰኝ መለኪያ ገና የለም።

እኔን ያሳሰበኝ የራስጌው ውኃ ነው።

ደብረ ማርቆስ ስሠራ እንደ እናትዎ ያሉ አንዲት ሴት መጡ። ጥርሳቸውን ሞላሁላቸው፤ ስለ መድኃኒታቸው አንድም ቃል አልጠየቅሁም። በዓመቱ ያው ጥርስ ከሙሌቱ ጠርዝ ተበልቶ ተመለሱ። ያን ጊዜ ነው የክኒን ከረጢታቸውን ያየሁት፦ ለግፊት የታዘዘ የሽንት ማብዣና ለእንቅልፍ የሚውጡት አሚትሪፕቲሊን። ሁለቱም አፍ ያደርቃሉ፣ በተለይ ሁለተኛው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ሲመጣ ከጥርሱ በፊት ከረጢቱን ነው የማየው።

ምራቅ ሲያንስ ተህዋስያን ከስኳር የሚሠሩትን አሲድ የሚያለዝብ አይኖርም። ድድ ሲሸሽ ደግሞ የጥርሱ ሥር ይገለጣል። የላይኛው ጠንካራ ሽፋን የሚሟሟው ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) 5.5 አካባቢ ሲወርድ ነው፤ ሥሩ ግን ከ6 በላይ እያለም ይሟሟል። አለማመሙ አያዘናጋዎ፤ በእርጅና የጥርስ እምብርት፣ ነርቩ ያለበት ውስጡ፣ ስለሚጠብብ ሕመሙ የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

ዳቦ ያለ ውኃ መዋጥ ይቸግራቸው እንደሆነ ይጠይቋቸው። ይህ ቀላል ጥያቄ ዛሬ ከየትኛውም የፕሮቲን ምርመራ ይልቅ ይጠቅመናል። ውኃውን ይጎንጩ፣ ጣፋጭ ሻይ ግን አይተካው። ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ በስኳር የሚጠጡ ከሆነ ስኳሩ ይቅር። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፣ 1,450 ፒፒኤም (የፍሎራይዱ መጠን ነው) የሚል ከተገኘ በእሱ፣ ጧትና ማታ ይቦርሹ፤ አረፋውን ይትፉት እንጂ በውኃ አይጉመጥመጡ። የወይራ መፋቂያ አልከለክልም፤ በኃይል ወደ ጎን ሲፈገፍጉት ግን የተገለጠውን ሥር ይፍቀዋል።

ደብረ ማርቆስ ያለ የጥርስ ሐኪም የጠቆረውን አይቶ ፍሎራይድ ይቀባዋል ወይም ይሞላዋል። የግፊቱን ክኒን በራሳቸው እንዳያቋርጡ፤ መቀየር ካለበት ያዘዘላቸው ሐኪም ይቀይረው። ወደ እሱ ሲሄዱ ክኒኖቹን በሙሉ፣ ጎረቤት የሰጣቸውም ካለ ጭምር፣ በአንድ ከረጢት ይያዙላቸው።